ድሬይን ላይ ተንጠልጥሎ የቀረ የስፑል ቮሊዩም

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን አንድ ያረጀ የዲስክ ሳጥን ከሜይንፍሬማቸው ሊነቅሉ ነው። ሳጥኑ ላይ ካሉት የጄስ 2 (የሜይንፍሬሙን ሥራዎች ተቀብሎ የሚያስተናግደው ፕሮግራም) ስፑል ቮሊዩሞች፣ ማለትም የሥራዎቹ ውጤት ከሚቀመጥባቸው ዲስኮች፣ አንዱን ከሰኞ ጀምሮ ድሬይን አድርገውታል፤ አዲስ ነገር እንዳይቀበል ዘግተውታል። አጠቃቀሙ 3 በመቶ ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። ያደሩ ውጤቶችን ሁሉ አጸዱ፤ ንቅንቅ የለም። አንድ ባልደረባቸው «ካንስል ጨምርበትና ገላግለው» ብሏቸዋል።

እሱን ምክር መጀመሪያ ይጣሉት። ድሬይን ላይ ካንስል አይጨምሩ። እዚያ ቮሊዩም ላይ ትንሽ ቦታ የያዘ ጆብ (ሥራ) ሁሉ ይሰረዛል፤ የቀረው ውጤቱ ሌላ ዲስክ ላይ በሰላም ቢቀመጥም አብሮ ይጠፋል።

የኔ ጥርጣሬ የማይዘጋ ሥራ ላይ ነው። የተረሳ ሪፖርት ቢሆን ኖሮ ጽዳቱ ያወጣው ነበር። 3 በመቶ ላይ ተረጋግቶ የተቀመጠ ቁጥር ግን ሲአይሲኤስን (የቀጥታ ግብይት አስተናጋጁን) ወይም ሲስሎግን (የሲስተሙን የመልእክት መዝገብ) የመሰለ ወር ሙሉ የሚሮጥ ነገር ነው። ጆቦችን በሚዘረዝረው ትዕዛዝ፣ ዶላር ዲ ጄኪው ብለው፣ በስፑል ቮሊዩሙ ስም አጣርተው ይጠይቁ። ቦታ የያዙት ጆቦች ስም ተራ በተራ ይወጣል። ሲስሎጉን በራይትሎግ ትዕዛዝ መቁረጥ ይቻላል፤ የሌሎቹንም የጆብ ሎግ ስፒን ማድረግ (ጆቡ ሳይቆም እስካሁን የተጻፈውን ቆርጦ መልቀቅ) ይረዳል። ግን ሥራው ራሱ እስካልቆመ ድረስ መጀመሪያ የያዛቸውን ትራኮች (የዲስክ ቦታዎች) አይለቅም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ፤ ትንሽ ላውራበት። ድሬይን ምንም ነገር አያጓጉዝም። ለአዲስ ተከራይ አላከራይም ማለት እንጂ ያለውን ተከራይ ማስወጣት አይደለም። ለምን አያነሳውም? እያንዳንዱ የውጤት ቁራጭ አድራሻ አለው፦ የኤክስቴንት ቁጥር (ጄስ 2 ለእያንዳንዱ የስፑል ቮሊዩም የሚሰጠው ቁጥር) እና በዚያ ውስጥ ያለበት ቦታ። አድራሻው ደግሞ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተሰብስቦ አልተቀመጠም። በጆቡ የራሱ መቆጣጠሪያ ብሎኮች ውስጥ ተበትኗል፤ አንዱ ብሎክ ቀጣዩን እየጠቆመ ይሄዳል። ጆቡ እየሮጠ ዳታውን ቢያነሱበት ጠቋሚዎቹ ሁሉ ባዶ ሜዳ ላይ ይቀራሉ። ጆብና ውጤትን ከስፑል ወደ ውጭ የሚያወጣው ኦፍሎድም ቢሆን እየሮጠ ያለን ጆብ አይነካም። የሜይንፍሬሙ ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ ዜድ/ኦኤስ፣ 1.13 ሲመጣ መላ ተገኘ። ዳታው ወደ ሌላ ቮሊዩም ይገለበጣል፣ የድሮው የኤክስቴንት ቁጥር ግን በስሙ ይቆያል። ጄስ 2 «ይህ ቁጥር ከተጠራ እዚያኛው ዲስክ ላይ ፈልግ» የሚል ካርታ ይይዛል። ጆቡ ቤቱ እንደተቀየረ እንኳ አያውቅም።

ስለዚህ የሚያስፈልግዎ ትዕዛዝ ዶላር ኤም ኤስፒኤል ነው፤ ምንጩን ቮሊዩም በቅንፍ፣ ዒላማውን ታርጌት ከሚለው ቃል ጋር ይጻፉ። ዒላማው አሁን በሥራ ላይ ያለ የስፑል ቮሊዩም ከሆነ መርጅ ይባላል፤ ለእርስዎ የሚሆነው እሱ ነው። ሙቭ የሚባለው ወደ አዲስ ቮሊዩም ነው፤ እሱ ግን ምንጩ ኢንአክቲቭ (በሥራ ላይ ያልሆነ) እንዲሆን ይፈልጋል። ሲአይሲኤስ እየሮጠ ያ አይሆንም። ከመጀመርዎ በፊት ስፑሉን የሚጋሩት አባል ሲስተሞች ሁሉ ዜድ/ኦኤስ 1.13 ወይም ከዚያ በላይ መሆናቸውን፣ የቼክፖይንቱም (ጄስ 2 የሥራ ወረፋውን የሚመዘግብበት ፋይል) ደረጃ ዜድ 11 ወይም ከዚያ በላይ መሆኑን ይዩ።

አንድ ነገር ሊያናድድዎ ይችላል። መርጅ ዒላማው ላይ የተያያዘ ባዶ ቦታ ይፈልጋል። ከእርስዎ በፊት የነበረው ሰው ስፑሉን በ3339 ሲሊንደር ቮሊዩሞች ቆራርጦ ከሠራው፣ ያንን ቦታ ማግኘት ራስ ምታት ነው። እንዲህ ያለ ጥቃቅን ስፑል ስንቱ ጋ አየሁ! ትልቅ ዳታሴት (ፋይል) ለመፍቀድ ላርጅ ዲኤስ የሚባለውን የጄስ 2 ቅንብር መቀየር አንድ መስመር ነው፤ ያቺን መስመር ይፈሩና 20 ዲስክ ይደረድራሉ።

ትዕዛዙን ከሰጡ በኋላ በዶላር ዲ ኤስፒኤል ይከታተሉ። መጀመሪያ ማይግሬቲንግ (በመዛወር ላይ) ይላል፣ ሲጨርስ ማፕድ (ተዛውሮ በካርታው የተያዘ)። ማፕድ እስኪል ድረስ ዲስኩን ኦፍላይን እንዳያደርጉት። ካለ በኋላ ዲስኩ ነፃ ነው፤ ሳጥኑን መንቀል ይችላሉ። ስሙ ግን ከዝርዝሩ ወዲያው አይወጣም፤ ከ253ቱ የኤክስቴንት ቁጥሮችም አንዱን እንደያዘ ይቆያል። አለቃዎ «ይሄ ስም አሁንም አለ እኮ» ብለው ቢያፋጥጡዎት፣ አደራ፣ ካንስል የምትለዋን ቃል እንዳይነኳት። ሲአይሲኤሱ በታቀደለት ቀን ቆሞ ውጤቱ ሲጸዳ ስሙ በራሱ ጊዜ ይወጣል።