ማን ዳውንቮት እንዳደረገህ አትፈልግ፣ ርዕሱን አስተካክል
ወንድሜ፣ ስታክ ኦቨርፍሎው በተባለው የፕሮግራመሮች መጠያየቂያ ድረ ገጽ ላይ ስለ ቀን መቁጠሪያ ኮድህ ጠይቀህ፣ ያለ አንድ ቃል አስተያየት ሁለት ዳውንቮት (የተቃውሞ ድምፅ) የሰጡህ እነማን እንደሆኑ ማወቅ ይቻላል ወይ ብለሃል። አይቻልም። አወያዮቹ እንኳ ማን ምን ድምፅ እንደሰጠ አያዩም።

ኪሳራው ደግሞ ትንሽ ነው፦ አንዱ ዳውንቮት በድረ ገጹ ላይ ካለህ ነጥብ 2 ይቀንሳል፣ አንዱ አፕቮት (የድጋፍ ድምፅ) 10 ይጨምራል። መልስ ላይ ዳውንቮት የሚሰጥ ከራሱም 1 ነጥብ ይቆረጥበታል፤ ጥያቄ ላይ ግን በነጻ ነው፣ እጃቸው የሚፈጥነውም ለዚሁ ይመስለኛል።

«ኮዴ አይሠራም» የሚለውን ርዕስ «ጳጉሜ 6 ቀን 2015ን ወደ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ስቀይር ስህተት ይመጣል» በለው። ስህተቱን የሚያሳዩትን ጥቂት መስመሮች ብቻ አስቀርተህ፣ ያስገባኸውን ቀን፣ የጠበቅከውንና የወጣልህን ውጤት ጻፍ። ድምፅ ከደቂቃዎች በኋላ ይቆለፋል፤ ጽሑፉ ሲታረም ግን ይከፈታል፣ ሰጪውም ሊያነሳው ይችላል።

አጥፍተህ እንደገና አትለጥፍ፤ የጠፋውም ጥያቄ፣ ወደፊት እንዳትጠይቅ በሚያሳግደው ቆጠራ ውስጥ ይገባብሃል። የጎንደር ፒያሳ ጓደኞቼ ተሰብስበው አፕቮት ያድርጉልኝ ያልከውንም ተወው፣ እንዲህ ያለውን የተቀናጀ ድምፅ ሲስተሙ ለይቶ ይሰርዘዋል።