መልስ፦ ሽንት እምቢ ያለው ወንድ ድመት

ሰላም እህቴ። ወንዱ ድመትሽ ከትናንት ጀምሮ የሚጸዳዳበት አፈር ላይ እየተቀመጠ ያምጣል፣ ምንም ጠብ አይልለትም፣ የሆድ ድርቀት መስሎሽ ዘይት ሰጥተሽዋል። እኔ ድርቀት አልመሰለኝም። ሽንቱ ተዘግቶበት ይሆናል። ነገ አትበዪ፣ ዛሬውኑ የእንስሳት ሐኪም ጋ ውሰጂው።

የወንድ ድመት የሽንት ቱቦ በጣም ቀጭን ነው። አሸዋ የመሰለ ደቃቅ ጠጠር ወይም ዝልግልግ ነገር ይደፍነዋል። ያኔ ኩላሊቱ ይጎዳል፣ ደሙ ውስጥ ፖታሲየም ይከማቻል፣ እሱ ደግሞ ልብ ያቆማል። በ2 በ3 ቀን ሊሞት ይችላል።

ኮዬ ፈጬ ስንኖር የኔም ድመት እንዲሁ ሆኖ ነበር። ብልቱን ሲልስ ያመሻል። ሆዱን ስዳብሰው ብርቱካን የሚያህል ጠጣር ነገር እጄ ገባ። ለካ የሞላ ፊኛው ነው! አንቺ እንዳትጫኚው፣ ሊፈነዳ ይችላል። ሁለት ባለታክሲዎች ድመት አንጭንም ብለውኝ በካርቶን አድርጌ በባጃጅ ነው የወሰድኩት። ሐኪሙ አደንዝዞ በቀጭን ቱቦ ከፈተለት።

ፓራሲታሞል በፍጹም! ድመት ይገድላል።

ከዳነ በኋላ ዋናው ውሃ ነው። ሁለት ሦስት ቦታ አስቀምጪለት። ደረቁን ምግብ ቀንሺና ጨውም ሽንኩርትም ያልነካው የሥጋ መረቅ ስጪው። የኔው ከሳህን እምቢ ብሎ ከባልዲ ነበር የሚጠጣው፣ ተውኩት። ጭንቀትም ያስነሳበታል፤ አጠገብሽ ግንባታ ካለ ጸጥ ያለ ጥግ ፈልጊለት። በተለይ የመጀመሪያውን ሳምንት መሽናቱን ለማወቅ አፈሩን በየቀኑ እዪ፣ መዘጋቱ ቶሎ ሊመለስበት ይችላል።

ሐኪሙ ምን እንዳለሽ ጻፊልኝ።