ሽማግሌ ደጅ ሲመጣ፦ ከአባቶች የመጡ ጥያቄዎች

«ልጄ 18 ዓመቷን ይዛለች። ሽማግሌ ተልኮብኛል፤ እሺ ልበል?»

ይዛለች ካሉ የሞላት ገና 17 ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአንቀጽ 7 የሚጠይቀው 18 ዓመት መሙላትን ነው (ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው የክልልዎንም ይመልከቱ)። የልደት ምስክር ወረቀቷን አውጥተው ከቀንና ወሩ ጀምረው ይቁጠሩ። የልደት ቀኗ በግምት የተሞላ ከመሰለዎት ከክትባት ካርዷና ከትምህርት ቤት ሰነዷ ጋር ያስተያዩት። በከባድ ምክንያት የፍትሕ ሚኒስትሩ እስከ 2 ዓመት ሊቀንስ እንደሚችል ሕጉ ይፈቅዳል፤ ድግስ ተደግሷል ማለት ግን ከባድ ምክንያት አይደለም። ከዚህ ፈቃድ ውጭ ለአካለ መጠን ያልደረሰች ልጅ ያገባ ሰው በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 648 እስከ 3 ዓመት፣ ልጅቷ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል። ዳሌዋ በቅጡ ሳይሰፋ ያረገዘች ልጅ ደግሞ ምጥ ሊጠናባትና ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ለሚያሳጣ ጉዳት (ለፊስቱላ) ልትዳረግ ትችላለች።

«ዕድሜዋስ ደርሷል። ዝግጁ መሆኗን በምን ልወቅ?»

ሽማግሌ ፊት አስጠርተው አይጠይቋት። አንገቷን ትደፋለች፤ ዝምታዋም እንደ እሺታ ይቆጠርባታል። ለሽማግሌዎቹ «ተማክረን እንመልሳለን» ብለው ቀጠሮ ይስጡ፤ ከዚያ እንግዳ በሌለበት ቀን ያነጋግሯት። ከሁሉ በፊት «እምቢ ብትዪ አልቀየምሽም» ይበሏት፤ ቃልዎንም ይጠብቁ። እርስዎን የምትፈራ ከሆነ እናቷ ወይም አክስቷ ትጠይቃት። ጠያቂዋ ራሷ ጋብቻውን የምትገፋ ከሆነች ግን መልሱ ተጣሞ ይደርስዎታል።

«ትወጂዋለሽ?» ብቻ ብለው አይተዉት። የት ነው የምትኖሩት፣ ከወላጆቹ ጋር ነው ወይስ ለብቻችሁ? ትምህርትሽ ይቀጥላል? ልጅ መቼ ለመውለድ ተስማማችሁ? ገንዘቡን ማን ይይዛል? ሲናደድ ምን ያደርጋል? ለሁሉም «እሱ ያውቃል» የምትል ከሆነ ገና ናት፤ ጊዜ ይስጧት። በሁለት በሦስቱ ላይ ከእሱ የተለየ ሐሳብ ካላትና እንዴት እንደተነጋገሩበት ካስረዳችዎት ግን ጥሩ ምልክት ነው።

ሙያዋንና ታዛዥነቷን መለኪያ የሚያደርጉ አባቶች ብዙ ናቸው። ታዛዥ ልጅ ሳትፈልግም እሺ ትላለች፤ ስለዚህ ታዛዥነቷ ይበልጥ ሊያስጠነቅቅዎት ይገባል።

«20 ዓመቷ ነው። የመረጠችውን ልጅ አልወደድኩትም፤ ማስቆም እችላለሁ?»

አይችሉም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ጋብቻን በተጋቢዎቹ ነፃና ሙሉ ፈቃድ ላይ ብቻ አቁሞታል። በሕግ የሚያስቆሙት እንደ ዕድሜ አለመድረስ፣ የቅርብ ዝምድና ወይም ጸንቶ ያለ ሌላ ጋብቻ ያሉ ምክንያቶች ናቸው። ያሰጋዎትን ነገር ግን ለይተው ይንገሯት። «ይጠጣል፣ ዕዳ አለበት» ቢሏት ልታጣራው ትችላለች። «ደስ አላለኝም» ቢሏት ግን ምንም የምትይዘው የለም።

«ከሠርጉ በፊት ቤት ልሰጣት አስቤያለሁ። ቢፋቱ ይካፈላል?»

በስጦታ ያገኘችው ንብረት የግሏ ነው። ችግሩ የሚመጣው ማስረጃ ሲጠፋ ነው፤ የግል መሆኑ ያልተረጋገጠ ንብረት የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። ስለዚህ ስጦታውን በጽሑፍ አድርገው ሰነዱን ያስመዝግቡ፤ ካርታውንም በስሟ ያዛውሩ። ቤቱ ቢከራይ ግን ኪራዩ የባልና ሚስቱ የጋራ ገቢ ነው፤ ይህን ብዙ አባቶች አያውቁትም። ሌላ ዓይነት ስምምነት ከፈለጉ ተጋቢዎቹ ራሳቸው የጋብቻ ውል ይፈርሙ። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ከየወገኑ 2፣ በድምሩ 4 ምስክሮች ሊፈርሙበት ይገባል።