የልጄን ሰውነት ምን አስቆጣው? ጥያቄና መልስ

ዶክተር፦ ዛሬ አበጥ አበጥ ብሎ ስለሚያሳክክ፣ ቦታ እየቀያየረ ስለሚጠፋ ሽፍታ ጠይቁኝ። አስቀድሜ ግን፦ ምላስ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ልጁ ደጋግሞ ካስመለሰው ወይም ከዛለ ለእኔ አትጻፉ። ወደ ድንገተኛ ክፍል ሩጡ።

የናቲ እናት፦ ልጄ 2 ዓመቱ ነው። ትናንት ማታ ሆዱ ላይ ወጣበት። ጠዋት ጠፍቶ አሁን ጀርባው ላይ ነው። ከ4 ቀን በፊት እንቁላል በልቷል። ላቁምበት?

ዶክተር፦ የዛሬ 4 ቀን የበላው እንቁላል ትናንት አያስቆጣውም። የምግብ አለርጂ አብዛኛውን ጊዜ ከደቂቃዎች እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ይመጣል። ያው ምግብ ሲደገምም ይመለሳል። ሰሞኑን ጉንፋን ይዞት ነበር?

የናቲ እናት፦ አዎ፣ ንፍጥና ትኩሳት ነበረው።

ዶክተር፦ እሱን ነው የምጠረጥረው። በዚህ ዕድሜ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ቫይረስ ነው። እናቶች ግን ጥፋተኛውን ማድ ቤት ገብተው ይፈልጋሉ። እንቁላሉም፣ ወተቱም፣ ኦቾሎኒውም ይከለከልና ልጁ በከንቱ ይከሳል! አሁን እስክሪብቶ አምጪ። አንዱን እብጠት ዙሪያውን ክበቢው፣ ሰዓቱንም ጻፊ። በ24 ሰዓት ውስጥ ከክቡ ጠፍቶ ሌላ ቦታ ከወጣ የምንለው ሽፍታ ነው። እዚያው ከቆየ ወይም በልዞ ከቀረ ግን ሌላ ነገር ነውና ይታይ። ደብተርም ያዢ፦ ከመውጣቱ በፊት ምን በላ? ምን መድኃኒት ወሰደ? ምን ነከሰው? ከ6 ሳምንት ካለፈ ደብተሩን ይዘሽ ሐኪም ጋ ሂጂ።

ብሩክ፦ ምን ክሬም ይቀባ?

ዶክተር፦ ክሬም ብዙም አይፈይድም። ሴትሪዚን የሚባል ማሳከክን የሚያስታግስ ሽሮፕ አለ፣ መጠኑን ሐኪም ይንገርህ። ፕሮሜታዚን የሚባለውን ሌላ የአለርጂ መድኃኒት ግን ከ2 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ እንዳትሰጡ።

እማማ ዘነቡ፦ ይሄማ ምች ነው። ዳማከሴ ጨምቃችሁ ቀቡት።

ብሩክ፦ እማማ፣ ምች ከንፈር ላይ አይደል የሚወጣው?

እማማ ዘነቡ፦ አንተ ስንት ልጅ አሳድገሃል? እኔ ሰባት!

ዶክተር፦ እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። በተቆጣ ቆዳ ላይ ምንም አይቀባ።

ከአዳማ፦ የኔ ልጅ ማታ ማታ እግሩ ላይ ተደርድሮ ይወጣል፤ ለቀናት ይቆያል።

ዶክተር፦ ቁንጫ ወይም ትኋን ይመስለኛል። ፍራሹን ፈትሹ።

ሰሚራ፦ ልጄ አሞክሳሲሊን የሚባለውን አንቲባዮቲክ በጀመረ በ5ኛ ቀኑ ወጣበት። ዕድሜ ልኩን አይውሰድ?

ዶክተር፦ ሐኪም እስኪያየው አቁሚ። ዕድሜ ልክ ግን ማን ፈረደበት? መድኃኒቱ የታዘዘለት በሽታ ራሱም ሽፍታ ያወጣል።

አበበ፦ ልጄን ያሳክከዋል። እንቁላል ይሆን?

ዶክተር፦ ኧረ ወንድሜ! ዕድሜው? ከበላ ከስንት ሰዓት በኋላ? ከላይ አንብብ። ምላሱ ካበጠ ደግሞ ማንበቡን ትተህ ሩጥ።

የናቲ እናት፦ ዶክተር፣ ከበብኩት። እስክሪብቶውን ነጥቆኝ ግድግዳውንም ከበበው።

ዶክተር፦ ሰዓቱን ጻፍሽ?