«ይበላኛል» ሲሏችሁ

ልጆቼ፣ በተለይ እዚህ ጎንደር ሕክምና የምትማሩት፣ ስለ ማሳከክ ትንሽ ላጫውታችሁ። ያረጀሁት የቆዳ ሐኪም ሆኜ ነው። ማሳከክን ግን ለብዙ ዓመት ንቄው ኖሬያለሁ።

ገና ጀማሪ ሳለሁ አንዲት እናት ከአዘዞ መጡ። «ልጄ፣ ሌሊት ሌሊት ይበላኛል» አሉኝ። ቆዳቸው ላይ ካከኩበት ጭረት በቀር ምንም የለም። እከክ ነው ብዬ ቅባት ሰጠኋቸው። ተመለሱ። የአለርጂ ክኒን ጨመርኩላቸው። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ፣ እውነቱን ልናገር፣ «ጭንቀት ነው» ብዬ ሸኘኋቸው። ከሁለት ወር በኋላ ሆዳቸውና ጭናቸው ላይ ውሃ የቋጠሩ ትልልቅ እብጠቶች ይዘው መጡ። ቡለስ ፔምፊጎይድ ነበር።

ይህ በሽታ አረጋውያን ላይ ይበዛል። የሰውነት መከላከያ ይሳሳትና የላይኛውን ቆዳ ከታችኛው ጋር አጣብቀው የያዙትን ፕሮቲኖች በአንቲቦዲ ያጠቃል። ማሳከኩ ግን ውሃ ከመቋጠሩ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ቀድሞ ሊጀምር ይችላል። እኔ ያመለጠኝ እሱ ነው።

ክኒኑስ ለምን አልሠራም? በእኛ ጊዜ ማሳከክ ማለት ሂስታሚን የሚባለው የሰውነት ኬሚካል ነበር፣ በቃ። ትንኝ ስትነክስ ልክ ነው። እንዲህ ባለው በሽታ ግን ሌላ መንገድ አለ። ቆዳ ውስጥ የተሰበሰቡት የመከላከያ ሕዋሳት፣ በተለይ ቲ ሴሎችና ኢዮሲኖፊሎች፣ ነርቩን በቀጥታ የሚቀሰቅሱ ኬሚካሎች ይለቃሉ። አንዱ ኢንተርሉኪን 31 ይባላል። እኔ ስማር ስሙም አልነበረም፤ የታወቀው በ2004 እ.ኤ.አ. ነው። ይህ ኬሚካል የሚያርፈው ቀጫጭን የነርቭ ጫፎች ላይ ነው። መልእክቱ በሰከንድ 1 ሜትር ገደማ እየተጓዘ ወደ አከርካሪ፣ ከዚያም ወደ አንጎል ይወጣል። የሰው እርምጃ ያህል እንኳ አይፈጥንም፤ ግን እንቅልፍ ይነሳል። የአለርጂ ክኒን የሚዘጋው የሂስታሚኑን በር ብቻ ነው። «ትንሽ ተኛሁ» ካሏችሁም ክኒኑ ራሱ ስለሚያስተኛ ሊሆን ይችላል።

ደርማቶማዮሳይቲስ የሚባለው፣ መከላከያው ቆዳንና ጡንቻን የሚያጠቃበት በሽታ ያለባቸውማ የራስ ቅላቸውን ቆዳ እስኪደማ ድረስ ያካሉ። ማከክ ለጊዜው ያስታግሳል፣ ሕመሙ አከርካሪ ላይ ማሳከኩን ስለሚያፍነው። ግን የተላጠው ቆዳ የድረሱልኝ ኬሚካል ይረጫል፣ መከላከያው ይበልጥ ይቆጣል፣ ማሳከኩም ይብሳል። የቆዳና የነርቭ «እከክልኝ ልከክልህ» በሉት።

እከክን እርሱት አላልኩም። በ2008 ዓ.ም. በድርቁ ጊዜ ክልላችንን እንዴት እንዳዳረሰ አይተናል። ቤተሰቡም ያካል ወይ? ጣቶች መሃል አለ ወይ? ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ «የለም» ከሆነና ሰውየው በዕድሜ የገፉ ከሆኑ፣ ሦስተኛ ቅባት ከመጻፋችሁ በፊት የቆዳ ናሙና ውሰዱ። ለአንቲቦዲ ምርመራ የሚሆነው ከቁስሉ አጠገብ ካለ ጤነኛ መሳይ ቆዳ ነው። ናሙና ማቆያው ፎርማሊን ውስጥ እንዳትከቱት፣ አንቲቦዲው አይታይም። ይህንንም ያወቅሁት የእኚያኑ እናት የመጀመሪያ ናሙና ካበላሸሁ በኋላ ነው፤ ሁለተኛ ተቆርጠዋል በእኔ ጥፋት።