የጤና መድን ስገባ አረቦኑ (ለመድን ድርጅቱ በየዓመቱ የሚከፈለው) የረከሰውን ልያዝ ወይስ የተወደደውን? ላልሽው

የረከሰውን ያዢ። ባልሽው መሠረት አንዱ በዓመት 9,000 ብር አረቦን ሆኖ ለሕክምና የመጀመሪያውን 1,000 ከኪስሽ ያስከፍላል፤ የቀረውን ድርጅቱ ይሸፍናል። ሌላው አረቦኑ 6,000፣ ከኪስሽ የመጀመሪያው 5,000 ነው።

ሁለቱ እኩል የሚሆኑበት ድንበር 4,000 ብር ሕክምና ነው። የዓመቱ ሕክምናሽ ከዚያ በታች ከሆነ ርካሹ ያዋጣል። 20,000 ቢደርስ እንኳ፣ ከውሉ ጣሪያ (ድርጅቱ ቢበዛ ከሚሸፍነው) እስካላለፈ፣ በርካሹ በጠቅላላ 11,000 ትከፍያለሽ፤ በውዱ 10,000። የምትጎጂው 1,000 ብቻ! ካልታመምሽ ደግሞ 3,000 ተረፈሽ።

5,000 ብር ባንዴ ማውጣት ከከበደሽ ግን ውዱን ያዢ። የምትነግጂበት የአራዳ ገበያ በጥምቀት ሰሞን ቢደምቅም ክረምት ላይ ጭር ይላል፤ በሽታ ደግሞ ወቅት አይመርጥም።

ከመፈረምሽ በፊት አንድ ነገር ጠይቂ፦ ከኪስ የሚከፈለው ለቤተሰቡ በሙሉ ነው ወይስ ለእያንዳንዱ ሰው? እኔ ሳልጠይቅ ፈርሜ፣ በአንድ ክረምት ልጄም እኔም ታመን ሁለት ጊዜ ከፈልኩ። ለካ ውሉ ጀርባ ላይ በደቃቅ ጽሑፍ «በነፍስ ወከፍ» ይላል።