መስኮቱ ከመዘጋቱ በፊት፦ በውጭ ላላችሁ የጅማ ልጆች የመፀው ምክር

ጅማ ላይ መስከረም ሲጠባ ዝናቡ እየሳሳ ይሄዳል፣ ሰማዩ ይጠራል፣ ሰውም ወደ ደጅ ይወጣል። ጥቅምትና ኅዳር ደግሞ የቡና ለቀማ ነው፤ ልጅ አዋቂው ከቤት ውጭ ይውላል። እናንተ ባላችሁበት አገር ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። እዚህ ጅማ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። በታኅሣሥ አጋማሽ ግን ዋሽንግተን ከ9 ሰዓት ተኩል ያነሰ፣ ለንደን 8 ሰዓት የማይሞላ፣ ስቶክሆልም ደግሞ የ6 ሰዓት ያህል ብርሃን ብቻ ነው የሚያገኙት። ብርሃኑ ሲቀንስ ብርዱ ይመጣል፣ ብርዱ ሲመጣ መስኮት ይዘጋል። በዚህ ወቅት ቤተሰብን የሚጎዳው ነገር አብዛኛው ከእነዚህ ከሁለቱ፣ ከብርሃን ማነስና ከተዘጋ መስኮት፣ ይመነጫል። ስለዚህ ዝግጅቱ በመስከረም ይጀመር፤ ኅዳር ላይ ሰውነት ከዛለ በኋላ መጀመር ይከብዳል።

ከአራስ ቤት እንነሳ። አያት ልጇን ልታርስ ከጅማ ትመጣለች፤ ጠዋት ጠዋት ሕፃኑን ቀባብታ በመስኮት በኩል በሚገባው ፀሐይ ታሞቀዋለች። ልማዱ እዚህ ደጅ ላይ ሲሆን ይሠራል፤ እዚያ ግን መስታወቱ ያበላሸዋል። ቆዳችን ቫይታሚን ዲ እንዲሠራ የሚያደርገው ጨረር በመስኮት መስታወት አያልፍም። ደጅ ቢወጣም እንኳ በሰሜኑ አገር ከኅዳር እስከ የካቲት ጨረሩ በጣም ደካማ ነው፤ ጠቆር ያለ ቆዳ ደግሞ ያንኑ ያህል ቫይታሚን ለመሥራት ረዘም ያለ ፀሐይ ይፈልጋል። ጡት የሚጠባ ሕፃን በቀን 400 ዩኒት (ጠርሙሱ ላይ IU የሚለው) የቫይታሚን ዲ ጠብታ ያስፈልገዋል፤ ቫይታሚኑ ካነሰው አጥንቱ ሊለሰልስ፣ እግሩ ሊጎብጥ፣ መራመድም ሊዘገይ ይችላል። በአሜሪካና በካናዳ ከ1 ዓመት በላይ ላለ ሰው የሚመከረው 600 ዩኒት፣ ከ70 ዓመት በላይ ለሆነ 800 ነው። እንግሊዝ ውስጥ 400 ዩኒት (10 ማይክሮ ግራም) ይመከራል፤ ጥቁር ቆዳ ላላቸው ደግሞ ዓመቱን ሙሉ እንዲወስዱት ነው የሚነገረው።

ጠብታውን ስትገዙ ጠርሙሱ ላይ ያለውን ጽሑፍ በደንብ አንብቡ። አንዱ ፋብሪካ 400ውን ዩኒት በአንዲት ጠብታ ያስገባዋል፣ ሌላው በ1 ሚሊ ሊትር ይሰጣል። የመጀመሪያውን ዓይነት እንደ ሁለተኛው በመስፈሪያ ሞልቶ የሰጠ ሰው ለሕፃኑ ብዙ እጥፍ ሰጠው ማለት ነው፤ ይህ ጉዳት አለው። አዋቂም ቢሆን ሐኪም ሳያዝ በቀን ከ4,000 ዩኒት አይለፍ።

ብርሃን ለአጥንት ብቻ አይደለም፤ እንቅልፍንና ስሜትንም የሚገዛ እሱ ነው። የደመናው ቀን ብርሃን እንኳ ከቤት አምፖል ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ልጆቻችሁን ትምህርት ቤት በእግር አድርሱ፤ ካልሆነም አውቶቡሱን መኪና ውስጥ ሳይሆን ደጅ ቆማችሁ ጠብቁ። በትምህርት ቤት የምትሠሩት፣ በረዳት መምህርነት፣ በጽዳት፣ በምግብ ቤት፣ በአውቶቡስ ሾፌርነት ያላችሁ፣ ብዙዎቻችሁ በጨለማ ገብታችሁ በጨለማ ትወጣላችሁ። ለእናንተ የምሳ ሰዓት 20 ደቂቃ የደጅ እርምጃ እንደ መድኃኒት ነው፤ በስልክ አታባክኗት። በየዓመቱ በዚህ ወቅት ስሜቱ ለሚወርድበት ሰው 10,000 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) የሚሰጥ የብርሃን መብራት ይረዳል፤ ከእንቅልፍ በተነሣ በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ መመሪያው በሚያዘው ርቀት፣ ለ30 ደቂቃ ያህል፣ አምፖሉ ላይ ሳያፈጥጥ። ማታ ማብራት እንቅልፍ ያጠፋል። የዓይን ሕመም ወይም ባይፖላር (ስሜት ከልክ በላይ የሚወጣበትና የሚወርድበት ሕመም) ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ።

አሁን ወደ ቡናችን። ይህ የሚገድል ነገር ስለሆነ ልብ ብላችሁ አንብቡት። እዚህ ቡና የሚፈላው በረንዳ ላይ፣ ወይም በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ በከሰል ነው። እዚያ በጥቅምት ብርድ ያንኑ ከሰል በተዘጋ አፓርታማ ውስጥ ማቀጣጠል ቤቱን ካርቦን ሞኖክሳይድ በሚባል መርዛማ ጋዝ ይሞላዋል። ሽታም ቀለምም የለውም። ሰው ራሱን ያመዋል፣ ያዞረዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፤ «ዕጣኑ ነው» ወይም «ቡና ስላልጠጣሁ ነው» ብሎ ሦስተኛዋን ለመጠበቅ ይተኛል። ያ እንቅልፍ ላይነቃበት ይችላል። ከቡና በኋላ ሁለት ሦስት ሰው አብሮ ራሱን ካመመው ጉንፋን ነው ብላችሁ አትለፉት፤ ሁሉንም ይዛችሁ ወዲያው ደጅ ውጡ፣ ከደጅ ሆናችሁ የድንገተኛ ቁጥር ደውሉ (በአሜሪካና በካናዳ 911፣ በአውሮፓ 112፣ በእንግሊዝ 999)። መስኮት ከፍቶ ውስጥ መቀመጥ አይበቃም። ነፍሰ ጡርና ሕፃን ቀድመው ይጎዳሉ። ከሰል ጋራዥ ውስጥም፣ በር ተከፍቶም ቢሆን፣ አይነደድ።

ጀበናውን በኤሌክትሪክ ምድጃ አፍሉት። ምድጃው ከላዩ መስታወት ከሆነ በዝቅተኛ ሙቀት ጀምሩና ቀስ እያላችሁ ጨምሩ፤ ቀዝቃዛ ሸክላ በድንገት ሲግል ይሰነጠቃል። ቡናውን ስትቆሉ የጭስ መሳቢያውን ክፈቱ፤ ዕጣኑን በኤሌክትሪክ ማጨሻ፣ በጥቂቱ፣ መስኮት ገርበብ አድርጋችሁ አጭሱ። አስም ያለበት ልጅ ካለ ዕጣኑ ቢቀር ቡናው አይጎድልበትም። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ በየፎቁና በመኝታ ቤት አጠገብ ይኑር፤ በወር አንዴ ቁልፉን ተጭናችሁ ሞክሩት። ዕጣን ባስጮኸው ቁጥር የጭስ ማስጠንቀቂያውን ባትሪ የሚያወጡ ቤቶች አሉ፤ ይህን አታድርጉ። በጋዝ ምድጃ ቤት ማሞቅም ያው አደጋ ነው።

የከሰዓት ቡናም በእንቅልፍ ላይ ይበረታል፤ ከጠጡት ካፌይን ግማሽ የሚሆነው ከአምስት ሰዓት ያህል በኋላም ደም ውስጥ ነው። የእሑዱን አቦል፣ ቶና፣ በረካ ከምሳ በፊት ብታደርጉት ሰኞ ይቀላል። ከ6 እስከ 12 ዓመት ላለ ልጅ ከ9 እስከ 12 ሰዓት፣ ለጎረምሳ ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልጋል። ሰዓት ወደ ኋላ ሲመለስ (በአውሮፓ በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ፣ በአሜሪካ በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ) ከአራት ቀን ቀድማችሁ የልጁን መኝታ በየቀኑ በ15 ደቂቃ አዘግዩት፤ አለበለዚያ ሳምንቱን ሙሉ ሌሊት ይነሣባችኋል። እኛ ሰዓት ስለማንቀይር ከዋሽንግተን ጋር ያለን ልዩነት ከ7 ወደ 8 ሰዓት ይሰፋል። እኩለ ሌሊት ድረስ ነቅታችሁ ከምትደውሉ ቅዳሜ ረፋድ በ4 ሰዓት ደውሉ፤ ያኔ ጅማ ከምሽቱ 12 ነው፣ ሰው ቤቱ ገብቷል።

የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ከ6 ወር ዕድሜ ጀምሮ መውሰድ ይቻላል፤ እስኪሠራ ሁለት ሳምንት ስለሚፈጅ ከኦክቶበር መጨረሻ በፊት ውሰዱት። በአሜሪካና በካናዳ ዕድሜው ከ9 ዓመት በታች ሆኖ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚከተብ ልጅ፣ በቅርቡ ከጅማ የደረሰውም ጭምር፣ በ4 ሳምንት ልዩነት ሁለት ዶዝ ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ በመስከረም ይጀምር። ትኩሳት የያዘው ልጅ ያለ መድኃኒት 24 ሰዓት ሳያተኩሰው ወደ ክፍል አይመለስ። ለሳል ማር ጥሩ ነው፤ የጅማ ማርም ቢሆን ግን 1 ዓመት ላልሞላው ሕፃን በጭራሽ አይሰጥም።

በጽዳት ሥራ ያላችሁ፣ የጉንፋን ወቅት ሲሆን «በደንብ ይግደልልኝ» ብላችሁ በረኪናን ከአሞኒያ፣ ከኮምጣጤ ወይም ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። ክፍል ውስጥ የምትውሉ ደግሞ ውኃ አጠገባችሁ ይኑር፤ ድምፅ ሲዘጋ ማንሾካሾክ ጉሮሮን አያሳርፍም፣ ዝም ማለት ነው የሚያሳርፈው።

የነቢያትን ጾም ኅዳር 15 የምትይዙ፣ ቫይታሚን ቢ12 ከእንስሳት ተዋጽኦ ውጭ በቂ ስለማይገኝ ኪኒኑን ወይም ቫይታሚኑ የተጨመረበትን የአኩሪ አተር ወተት ያዙ። ቡናን ከምግብ አንድ ሰዓት አራርቁ፤ ከምስሩና ከጤፉ የምታገኙትን ብረት ይሻማል።

ሐዘን፣ ድካም፣ ከሰው መሸሽ ለሁለት ሳምንት ያህል በየቀኑ ከቀጠለ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ይህ ሕመም ነው፤ ሲታከም ይሻላል፤ የእምነት ጉድለትም አይደለም። ብዙ የትምህርት ቤት አሠሪዎች ለሠራተኛው ነፃና ምስጢሩ የተጠበቀ የምክር አገልግሎት አላቸው፤ የሰው ኃይል ክፍሉን ጠይቁ። ራሱን ለመጉዳት የሚያስብ ሰው ካለ በአሜሪካና በካናዳ በማንኛውም ሰዓት 988 ይደወላል። ቀጠሮ ስትይዙ «አማርኛ» ወይም «አፋን ኦሮሞ» ብላችሁ አስተርጓሚ አስመዝግቡ፤ በአሜሪካ የፌዴራል ገንዘብ የሚያገኝ ሆስፒታልና ትምህርት ቤት በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት። የአሥር ዓመት ልጃችሁ የእናቱን ጭንቀት ለሐኪም እንዲያስተረጉም አታድርጉ።